በሎሚ የታጠቡት ፈረሰኞች

ባለፈው ሳምንት ሮም፣ ፒኜቶ ሰፈር አንድ ቡና ቤት ተቀምጬ ትራም ስጠብቅ፣ አሳላፊው ልጅ ባንኮኒውን በግማሽ ሎሚና በቢካርቦናቶ ዱቄት ማሸት ጀመረ። ሽታው ሲደርሰኝ ደንግጬ እጄን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ። ሰው ቢያየኝ ይስቅብኝ ነበር፤ ሎሚ ማንን አስደንግጦ ያውቃል? እኔን ግን ያስደነግጠኛል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ጣቶቻቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ያንን ሽታ ሲያሸቱ አይቼ፣ ከእናቴ ልለያይ ነው ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመስኩም። ከጉልባኑ በቀር ማለቴ ነው፤ ጉልባን እወዳለሁ።

እናቴ እስከዚያ ዓመት ድረስ የሐሙስና የእሁድ ሰው ነበረች። ሮም ውስጥ ፊሶ የሚሠሩ ሴቶች፣ ማለትም አሠሪያቸው ቤት እያደሩ የሚሠሩት፣ እረፍታቸው ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ነው። ሰው ቤት ደግሞ ልጅ ይዞ አይገባም። ስለዚህ ከሦስት ዓመቴ ጀምሮ ያደግሁት መነኮሳት በሚመሩት አዳሪ ቤት ነው። ከኛ መሐል ግማሾቹ የሐበሻ ሠራተኞች ልጆች ነበርን። ሐሙስ ከምሳ በኋላ የበሩ ደወል በጮኸ ቁጥር ሁላችንም አንገታችንን እናሰግጋለን። የኔ እናት ከመጣች እሮጣለሁ፤ የሌላ ልጅ እናት ከሆነች ጫማዬን እንደማስር ሆኜ ጎንበስ እላለሁ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቪያ ቮልቱርኖ ያለ የሐበሻ ምግብ ቤት ወስዳ ታበላኝና ሳይመሽ ትመልሰኛለች።

ማክሰኞ ማክሰኞ ፊቷ ይጠፋብኝ ነበር። ካፖርቷ ይታወሰኛል፣ ድምጿ ይታወሰኛል፣ በረኪና በረኪና የሚለው የእጇ ሽታ ይታወሰኛል፤ ፊቷ ግን እምቢ ይለኛል። ይህን ለእሷ ነግሬያት አላውቅም።

ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ጊዜ ሲኞር ኤልዮ የሚባሉ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ቀጠሯትና፣ ልጅ እንዳላት ሲሰሙ «ታዲያ ይዘሻት ነይ» አሏት። ቤታቸው ሳን ጆቫኒ አካባቢ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ለኛ የተሰጠን ከወጥ ቤቱ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ እናቴ ግድግዳው ላይ የለጠፈችው የቅዱስ ጊዮርጊስና የቅዱስ መርቆሬዎስ ሥዕል። በመጀመሪያው ማክሰኞ ጠዋት ስነቃ የእናቴ ፊት ከፊቴ ነበር። ማክሰኞ መሆኑን ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት። በሦስተኛው «ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ፣ ማክሰኞ ዕዳ አለብሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ነገሩ ያልጣማት የሲኞር ኤልዮ የወንድም ልጅ ፓትሪዚያ ብቻ ነበረች። ልጅ የሌላቸው ሽማግሌ ስለሆኑ የቤቱን ነገር የምትከታተለው እሷ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። በመጀመሪያው ቅዳሜ እኔን ከላይ እስከ ታች አይታ ለእናቴ፦ «ቫ ቤኔ፣ ይሁን፣ እንሞክረው። አንድ ዕቃ ከተበላሸ ግን ልጅቷ ወደ መነኮሳቱ ትመለሳለች» አለቻት። እናቴ ያችን ቃል እንደ ፔርሜሶዋ፣ እንደ መኖሪያ ፈቃዷ፣ ደረቷ ውስጥ ይዛት ትዞር ነበር። «ግድግዳውን አትደገፊ፣ በሩን ቀስ አድርጊ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጅሽ!» እኔም በዚያ ቤት ውስጥ ለሳምንታት እጆቼን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ነው የሄድኩት።

ሲኞር ኤልዮ የጥርስ ባለሙያ ነበሩ። ሐኪም አይደሉም፤ ሐኪሙ የሚተክለውን ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲቀርጹ የኖሩ ናቸው። ኮሪደሩ ላይ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ከጄሶ የተሠሩ መንጋጋዎች ተደርድረዋል። የሞቱ ዘመዶቻቸው ጥርስ ስለመሰለኝ ሽንት ቤት ስሄድ ዓይኔን ጨፍኜ በዳበሳ አልፍ ነበር። በኋላ ጡረታ ወጡ፤ ከዚያ ደግሞ የዓይናቸው መሐል ጠፋ። ዳር ዳሩን ያያሉ፤ በቀጥታ ያዩት ነገር ግን ቦታው ባዶ ይሆንባቸዋል።

እኔ ይህን መች አውቄ! እናቴ ስታናግራቸው ወደ መስኮቱ እያዩ ሲመልሱላት ንቀት መሰለኝና አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «ሰው ሲያናግርዎት ፊቱን ይዩት እንጂ» አልኳቸው። እናቴ ማንኪያው ከእጇ አመለጣት። ማረም እወዳለሁ፤ መነኮሳቱም በዚሁ አመሌ ስንት ጊዜ ጥግ አቁመውኛል። ሲኞር ኤልዮ ግን አልተቆጡም።

«የእናትሽን ፊት በቀጥታ ካየሁት ይጠፋብኛል» አሉኝ። «ጆሮዋን ሳይ ነው ፊቷ ብቅ የሚለው።»

ይህ ነገር ለኔ ወዲያው ገባኝ። የሚጠፋ ፊት ምን እንደሆነ አውቃለሁና።

«አሎራ፣ እንግዲህ» አሉ፣ «እንዲህ ያየሽውን የምትናገሪ ከሆነ ለኔ ሥራ አለሽ።»

ሥራው ከትምህርት ቤት መልስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። እጄን ታጥቤ ሳሎን እገባለሁ። ጠረጴዛው ላይ አራት መሳቢያ ያለው ሣጥን አለ። በየመሳቢያው በቀይ ከፈይ ላይ ክብ ክብ ጉድጓዶች፣ በየጉድጓዱ አንድ የጥንት ሮማውያን የብር ሳንቲም፤ ዲናር ይባላሉ። ስፋታቸው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። አብዛኞቹ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁረዋል። ሲኞር ኤልዮ በሥራ ዘመናቸው አንድ አንድ እያሉ ሰብስበዋቸው፣ አሁን ሊያዩዋቸው አልቻሉም። «ጣቴ ያውቃቸዋል፤ ሥዕላቸው ግን ከራሴ እየጠፋ ነው» ይላሉ። እኔ ሳንቲሙን አንስቼ ከመብራቱ ሥር በአጉሊ መነጽር አይና የሚታየኝን እነግራቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳደረገ ያወሩልኛል። የሚያዘው በጠርዙ ብቻ ነው፤ ፊቱን ከእሳቸው በቀር የማንም ጣት አይነካውም። ያስተማሩኝ ደንብ እሱ ብቻ ነበር። ሌላው ነገር ሁሉ ለእሳቸው ግልጽ ስለሆነ ለኔም ግልጽ መስሏቸው ነበር።

«ጆሮዋ ላይ ዶሮ የተቀመጠባት ሴት» አልኳቸው በመጀመሪያው ቀን።

እስኪያስላቸው ሳቁ። «ዶሮ አይደለም። የራስ ቁር ነው ያደረገችው፣ ቁሩ ክንፍ አለው። ሮማ ናት።»

«ሮማ? ከተማዋ?»

«ከተማዋ። እንደ አማልክት ቆጥረዋት ነበር።»

«ከተማ አፍንጫ አለው?»

«ይህችኛዋ አላት። ያውም ትልቅ።»

ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የተሸነሸኑ ዲናሮችም ነበሩ። ሰውየው ጥርስ ሠሪ ስለሆኑ ጥርሱን ያወጡላቸው እሳቸው ናቸው ብዬ ደመደምኩና ትምህርት ቤት በኩራት አወራሁ። መምህሬ ሳቀች፤ እኔ ግን ለጊዜው አላመንኳትም። ፀጉሯ እባብ የሆነች ሴት ነበረች፤ እሷን ሳይ ሹሩባ ከመሠራቴ በፊት ያለው የራሴ መልክ ትዝ ይለኝ ነበር። ዝሆን ነበረ። በሰረገላ የምትበር ባለ ክንፍ ነበረች፤ እሳቸው ድል የምትባል ናት ቢሉም ለኔ ክንፍ ያለው ሁሉ መልአክ ስለሆነ ሚካኤል ብዬ መዘገብኳት።

ከሁሉ የምወደው ግን የውሻው ነበር። አንድ ሽማግሌ ምርኩዝ ይዞ ይራመዳል፤ ከእግሩ ሥር ውሻ አንጋጦ ያየዋል። ሲኞር ኤልዮ ታሪኩን ነገሩኝ። ሰውየው ኡሊሴ ነው። ለጦርነት ሄዶ ከሃያ ዓመት በኋላ እንደ ለማኝ ለብሶ አገሩ ሲገባ አንድም ሰው አላወቀውም፤ ውሻው ብቻ አወቀው።

«ልጁስ?»

«ልጁም አላወቀውም።»

ነገሩ አልዋጥልሽ አለኝ። «ሐሙስና እሁድስ አይመጣም ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ሲኞር ኤልዮ ፊቴን ለማየት ወደ ጆሮዬ ተመለከቱና ሳንቲሙን ከእጄ ተቀብለው ቦታው መለሱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ሐሙስ ከሰዓት ስትወጣ «ልጅሽን ይዘሻት ሂጂ፤ ዲናሮቹ አይሸሹም» ይሏት ጀመር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ዶሮ የተቀመጠባት ያልኳትን ሴት አንድ ቀን ገለበጥኳትና ጀርባዋ ላይ ሁለት ፈረሰኞች አየሁ። ጦራቸውን ቀስረው ጎን ለጎን ይጋልባሉ፤ ራሳቸው ላይ ግማሽ የእንቁላል ቅርፊት የመሰለ ቆብ፣ ከቆቡም በላይ ኮከብ አለ።

«እነዚህንማ አውቃቸዋለሁ!» ብዬ ጮህኩ። «ቅዱስ ጊዮርጊስና ቅዱስ መርቆሬዎስ ናቸው። እኛ ክፍል አሉ!»

ሲኞር ኤልዮ ወንድማማቾች ናቸው አሉኝ፤ ካስቶሬና ፖሉቼ የሚባሉ፣ ከእንቁላል የተፈለፈሉ፣ ሮማውያን በጦርነት ሲጨነቁ በፈረስ እየመጡ የሚያግዙ። አንደኛው ሟች ነበር፣ አንደኛው የማይሞት። ሟቹ ሲሞት የማይሞተው ዕድሜውን ቆርሶ አካፈለው።

«ከእንቁላል?» አልኳቸው። ለማረም እንዲህ ያለ የተመቸ ነገር አግኝቼ አላውቅም ነበር።

«ጊዮርጊስ ከሆነ ታዲያ ዘንዶው የታለ?» አሉኝ እሳቸው።

«ገድሎታል። አሁን ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው።»

በዚህ ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ ፈረሰኛ ያለበት ዲናር ሁሉ በኔ ስም «የሶስና ቅዱሳን» ተባለ፤ እሳቸው ራሳቸው ናቸው እንዲህ የሚሉት። እኔም ያንኑ ለእናቴ ነገርኳት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

«ከእንቁላል አሉሽ?» አለች እናቴ አማትባ። «ሰውዬው አርጅተዋል፤ የቅዱሳኑ ስም ጠፍቷቸው ነው። ለመሆኑ ስንት ዘመናቸው ነው?»

«ከሁለት ሺህ በላይ።»

«በስመ አብ! ዲናር ነው ያልሽኝ? ቄሱ በስብከት የሚያነሱት ዲናር?» በማግስቱ አቧራ ስታነሳ ሣጥኑን ከፍታ በዓይኗ አረጋገጠች። ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ጦር፣ ከራሳቸው በላይ ብርሃን። ከዚያ ወዲህ ሣጥኑን ሳትሳለም አታልፍም።

«አልማ ሣጥኑን ትስመዋለች እንዴ?» አሉኝ አንድ ቀን ሲኞር ኤልዮ፤ እናቴን አልማዝ ማለት ስለማይሆንላቸው አልማ ነው የሚሏት።

«ሰላም እያለችው ነው።»

«ቤኔ» አሉ። «ሰላም የሚለው ሰው ካገኘ ቆይቷል።»

የጣልያኖቹ ፋሲካ በዚያ ዓመት ከኛ በአንድ ሳምንት ቀደመ። የኛ ጸሎተ ሐሙስ ደረሰና እናቴ ጠዋት ጉልባኑን ጥዳ ቤቱን ትወለውል ጀመር። ለእረፍቷ የተሰጣትን ከሰዓት ሁሉ በጽዳት አዋለችው። ሲኞር ኤልዮ ከምሳ በኋላ ተኝተዋል። ሣጥኑ ዘንድ ስትደርስ ከፈተችውና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። ሕማማት ስለሆነ መሳለም የለም፤ ዝም ብላ ነው ያየቻቸው።

«እስቲ አሁን በዚህ መልካቸው ፋሲካን ሊውሉ ነው?» አለች። «ሰውዬው ዓይናቸው ስለማያይ አይፈረድባቸውም። እኔ ግን ስንት ወር ሙሉ እያየሁ! ሶስና፣ ቅዱስ ቅዱሱን እየለየሽ አምጪልኝ። ዛሬ የመታጠብ ቀን ነው።»

ለየሁ። ፈረሰኞቹን ሁሉ አወጣሁ። ባለ ክንፎቹን አወጣሁ። በእባብ ፀጉሯ ላይ ሳመነታ እናቴ አየቻትና «ያቺን መልሺያት!» ብላ ጮኸች። ዝሆኑ ቀረ፣ ውሻው ቀረ። አሥራ ስድስት ቅዱሳን በሳህን ተሸክመን ወጥ ቤት ገባን። እናቴ በቢካርቦናቶና በሎሚ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ እንደ ሕፃን አፍ ቀስ እያለች አሸቻቸው። ውሃው ጠቆረ። በነጭ ጨርቅ አድርቃ ስትደረድራቸው መስኮቱ ላይ ካለው ፀሐይ ጋር አብረው አበሩ። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። እናቴም ተደስታ «በል እንግዲህ ጊዮርጊስ፣ ይህን ቤት አትንሳን» አለችው። እኔም አሜን አልኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲኞር ኤልዮ ተቀመጡ። ሳልነግራቸው በራሳቸው ይድረሱበት ብዬ አንዱን መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። ጣታቸው መዳበስ ጀመረና ቆመ። ሁለተኛውን አነሱ፣ ሦስተኛውን አነሱ። ከዚያ ጣቶቻቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«ሎሚ» አሉ።

«እማዬ ናት! ያበራሉ እኮ!»

ፊታቸው ነጣ። ደስታ መሰለኝ፤ ሰው ከደስታ ብዛት ሲያለቅስ አይቻለሁና እንባውን ጠበቅሁ። «ስንት ናቸው?» አሉኝ። አሥራ ስድስት አልኳቸው። መሳቢያውን በራሳቸው እጅ ገፍተው ዘጉትና እናቴን ጠሩ።

«አልማ፣ ያ ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም» አሏት። አልጮሁም። «ብሩ በስንት መቶ ዓመት ቀስ በቀስ ያወጣው ቆዳው ነው። ሰብሳቢ ሰው አይነካውም። አንዴ ከተገፈፈ እኔም አንቺም ማንም አይመልሰውም።»

እናቴ ሽርጧን ጨብጣ ቆመች። «ሲኞር ኤልዮ፣ እኔ እኮ ለበዓል ንጹሕ እንዲሆኑልዎት ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉና ክፍላቸው ገብተው ዘጉ።

እናቴ እኔን አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ በተሻለ ነበር። ክፍላችን ገብታ ልብሶቼን አንድ በአንድ ተኮሰች፣ አጥፋም ከአዳሪ ቤቱ የመጣሁበት ቦርሳ ውስጥ ከተተች። «ከነገ ወዲያ ፓትሪዚያ ትመጣለች» ብቻ ነው ያለችው። ምን ልታደርግ ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ማክሰኞ ሊመለስ መሆኑ ገባኝ።

ዓርብ ስቅለት ነው። እናቴ ፈቃድ ስላላት ልትሰግድ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ሽማግሌው ብቻቸውን እንዳይሆኑ እኔን ከትምህርት ቤት አስቀርታ ተወችኝ። ስትወጣ «ዝም በይ፤ ዝም አይነቅዝም» አለችኝ። እኔ ዝም ማለት መች እችላለሁ! ጥቂት ቆይተው ሲኞር ኤልዮ ጠሩኝ።

«ሁሉንም አይደለም ያጠበችው። ለምን እነዚያን ብቻ?»

«ቅዱሳኑን ነው። ሌሎቹ አረመኔ ናቸው።»

«ማን መረጠ?»

«እኔ።» ከዚያ መናገር ጀመርኩና ማቆም አቃተኝ። ጊዮርጊስ ናቸው ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ፣ ሚካኤልንም እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ እባብ ፀጉሯን ልጨምር ብዬ ነበር፣ እናቴን አይስደዱብኝ፣ እኔንም ከሷ አይለዩኝ፣ ቢፈልጉ ዳግመኛ ሳንቲሞቹን አልነካም አልኳቸው። አፍንጫዬ እየፈሰሰ ነበር።

ሲኞር ኤልዮ መሐረባቸውን አቀበሉኝ። «ሟቹና የማይሞተው» አሉ ለራሳቸው። «እኔም እኮ አላረምኩሽም። የሶስና ቅዱሳን እያልኩ ስስቅ ከረምኩ።» ከዚያ «ሂጂ፣ ፊትሽን ታጠቢ» አሉኝ። ይቅር ብያለሁ አላሉም። ምን እንዳሰቡ አላወቅሁም።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ፓትሪዚያ መጣች። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ገና መመለሷ ነበርና ለቀዳም ሹር የታደለውን ቄጤማ ግንባሯ ላይ እንዳሰረች በሩን ከፈተችላት። ፓትሪዚያ ቄጤማውን አየችው፣ አልጠየቀችም። ሳሎን ስትገባ ሣጥኑ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሲኞር ኤልዮ ሆን ብለው ነው የከፈቱት። በየመሳቢያው ጥቁሩና ነጩ ተዘበራርቆ ከሩቅ ይታያል።

«ዚዮ! ማን ነካቸው?» አለች፤ አጎቴ ማለቷ ነው። ጣልያኖች አጎታቸውን አንተ ይላሉ፤ ለምጄዋለሁ ብልም ያን ቀን እንደ ጥፊ ሰማሁት። «ምን እንደሆኑ ታውቃለህ? ተበላሽተዋል!»

«አልማ አጠበችልኝ» አሉ ሲኞር ኤልዮ፣ ሸሚዝ አጠበችልኝ እንደሚል ሰው።

ፓትሪዚያ ወደ እናቴ ዞረች። «ተነጋግረን ነበር። አንድ ዕቃ ከተበላሸ ብለን ነበር። ሰኞ ልጅቷ ወደ መነኮሳቱ ትመለስ።»

«ሲ፣ ሲኞራ» አለች እናቴ። አልተከራከረችም። የዱሮውን የሐሙስ ድምጿን ነው ያወጣችው፣ አዳሪ ቤቱ በር ላይ ስትሰናበተኝ የምታወጣውን።

«ሶስና፣ መብራቱን አቅርቢልኝ» አሉ ሲኞር ኤልዮ።

አቀረብኩ። ከታጠቡት አንዱን በጠርዙ አነሱና ከመብራቱ ሥር ያዙት። አንገታቸውን ወደ ጎን ጣል አድርገው ቆዩ። «ፓትሪዚያ፣ እነዚህን ካየሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ጥቁር ነገር በዓይኔ ጥቁር ጉድጓድ ውስጥ ስፈልግ ነው የኖርኩት። አሁን ሲያበራ አየሁት። ሁለት ፈረሰኞች። ይኸው።»

«ሳህንህን እንኳ አታይም እኮ ዚዮ።»

«ሳህን አያበራም።»

እኔ ክንዳቸው ሥር ነበርኩ። ወደ መብራቱ የዞረው ፊት የሴትዮዋ ራስ ነው። ክንፉ፣ አፍንጫው፣ ሁሉም አለ፤ ፈረስ ግን አንድም የለም። ተሳስተዋል ብዬ ላርማቸው አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት ጣታቸውን አየሁት። ከሥር በኩል ያለው ሌባ ጣታቸው የፈረሶቹን እግር ቀስ እያለ ይዳብስ ነበር። ፈረሶቹ በታች እንዳሉ እጃቸው አሳምሮ ያውቃል።

ፓትሪዚያ ከጠረጴዛው ማዶ ናት፤ ከዚያ ሆና የሚታያት ብልጭታ ብቻ ነው። «አንቺ ልጅ» አለችኝ፣ «እውነት ነው? ፈረሶች ናቸው?»

አፌ እንደተከፈተ ነበር። «አዎ ሲኞራ» አልኩ። «ሁለት ፈረሶች። የፊተኛው ጭራውን እያወናጨፈ ነው።» ጭራውን የጨመርኩት ከራሴ ነው።

ፓትሪዚያ ክፉ ሴት እንዳልነበረች ያወቅሁት ያኔ ነው። ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠችና «ታያለህ?» አለች፣ በቀጭን ድምፅ። «እውነት ታያለህ ዚዮ?»

«አያለሁ።»

ግንባራቸውን ሳመቻቸው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ቆይታ ቦርሳዋን አነሳችና እናቴ ፊት ቆመች። «ቫ ቤኔ፣ አልማ። እንደ ነበራችሁ ሁኑ። ግን ሁለተኛ እንዳትነኪያቸው።»

«ሁለተኛ አልነካም ሲኞራ። በጊዮርጊስ።»

የመውጫው በር ተዘጋ። ሊፍቱ ሲወርድ ተሰማን። እናቴ በዚያ ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ አታውቅም ነበር፤ ያን ቀን ቄጤማው ወደ ቅንድቧ እንደ ወረደ ፓትሪዚያ በለቀቀችው ወንበር ላይ ቁጭ አለችና ታለቅስ ጀመር። ደስ ብሏት ነው፤ በዚህኛው አልተሳሳትኩም። እኔም ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ፣ ሮጬ ቦርሳውን ልፈታው አሰብኩ።

ሲኞር ኤልዮ ግን እጃቸው ከመብራቱ ሥር እንደ ተዘረጋ ነበር።

«አሎራ፣ ሶስና» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አሁን ገልብጪልኝ።»

በጠርዙ ይዤ ገለበጥኩላቸው።